ኒዮቢየም በቲግ በየድኩት፣ ሳጥፈው ግን ቀጭ ብሎ ተሰበረ

ቲግ_በያጁ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በያጅ ነኝ፣ አይዝጌ ብረትና ኢንኮኔል 718 የሚባለውን የኒኬል ቅይጥ ለአመታት በይጃለሁ፣ ይሄን ያህል ያስቸገረኝ የለም። ሰሞኑን ግን ለሮኬት ኖዝል፣ ማለትም የጋለው ጋዝ ለሚወጣበት አፍ፣ የሚሆነውን የኒዮቢየም ቅይጥ፣ ሲ-103 የሚሉትን፣ ቁራጭ ሰጡኝና ተለማመድበት አሉኝ። በቲግ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ቅስት፣ አየር እንዳይነካው በንጹህ አርጎን ጋዝ እየሸፈንኩ በየድኩት፣ ከፊት መስመሩ በጣም ያምራል ጀርባው ግን ሰማያዊና ግራጫ ሆኗል፣ ከዛ ሞርሳ ላይ አስሬ ሳጥፈው ትንሽ እንኳን ሳይለጠጥ ቀጭ አለ። አምፒሩ በዝቶ ነው ወይስ ሽቦው ነው ችግሩ?

ሙቀት_ወዳጅ፦
አምፒር አይደለም ወንድሜ፣ አየር ነው፣ የጀርባው ቀለም እኮ ነግሮሃል። ኒዮቢየም የሚቀልጠው 2477 ዲግሪ ላይ ነው፣ ኢንኮኔል 718 ግን 1260 አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል፣ ስለዚህ ሰው ኒዮቢየምን ሁሉን ሙቀት የሚችል ብረት ያደርገዋል። ግን ገና ከ400 ዲግሪ ሲያልፍ ኦክስጅን መጠጣት ይጀምራል። አይዝጌ ብረት ላይ ጥቁረቱ ከላይ ነው፣ ፍቀህ ታነሳዋለህ። እዚህ ግን ኦክስጅኑ ወደ ውስጥ ሰርጎ አተሞቹ መሃል ይሰነቀራል፣ ያኔ ብረቱ መለጠጡን ይተዋል። ብታጸዳውም አይመለስም፣ ያን ቁራጭ ጣለው።

አርጎን_ሳጥን፦
ትክክል ነው። የቲጉ አፍ የሚተፋው አርጎን የሚሸፍነው ፊቱን ብቻ ነው፣ ጀርባውና ገና ያልበረደው ጭራው ባዶ ይቀራል። መፍትሄው ወይ አየር በሌለበት ቫኪዩም ውስጥ በኤሌክትሮን ጨረር (ኤሌክትሮን ቢም) መበየድ ነው፣ ወይ ደግሞ አየሩ ተስቦ አርጎን የተሞላ ጓንት ያለው ሳጥን። እኛ ስራ ከመጀመራችን በፊት ሳጥኑ ውስጥ የታይታኒየም ቁራጭ እናቀልጣለን፣ የቀረውን ኦክስጅን እሱ ይስበዋል፣ ደሞ ሲበርድ እንደ ብር ካበራ ሳጥኑ ንጹህ ነው፣ ቢጫ ወይ ሰማያዊ ካለ ኒዮቢየሙን አትንካው። ብረቱንም በአሴቶን ጥረገው፣ በባዶ እጅህ አትያዘው፣ ሌላ ብረት የነካ ብሩሽ ደግሞ በፍጹም!

ፈታሽ፦
እኔ ፍተሻ ላይ ስለሆንኩ አንድ ነገር ልጨምር፣ ማጠፍህ በጣም ጥሩ አድርገሃል፣ ብዙ ሰው በአይን አይቶ ያልፈዋል። ስንጥቁን ለማግኘት የቀለም ፍተሻና ኤክስሬይ አለ፣ ግን ኦክስጅን የጠጣ ብየዳ ስንጥቅ ሳይኖረው ኤክስሬይ ላይ ጤነኛ ይመስላል። እሱን የሚያጋልጠው ማጠፍና የጥንካሬ ልኬት ነው፣ ከብየዳው መሃል ጀምረህ ወደ ጎን እየነካህ ስትለካ መሃሉ ከዋናው ብረት በጣም ጠንክሮ ከተገኘ በቃ ተበክሏል። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ወደ ጨረቃ የሄደው የአፖሎ መንኮራኩር ሰርቪስ ሞጁል (ዋናው ሞተር ያለበት ክፍል) የሞተሩ ኖዝል ማራዘሚያ ከኒዮቢየምና ከታይታኒየም ነበር የተሰራው፣ የፋልከን 9 ሮኬት ሁለተኛ ደረጃ ሞተርም ማራዘሚያው የኒዮቢየም ቅይጥ ነው። ግሎ ሙቀቱን በጨረር ወደ ህዋ እየለቀቀ ነው የሚቀዘቅዘው፣ እንደዛ ሆኖ እየተንቀጠቀጠ የማይለጠጥ መገጣጠሚያ አይችለውም።

ቲግ_በያጁ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጀርባውን ክፍት ትቼው ነበር እኮ፣ አሁን ገባኝ። ሳጥን ተውሼ በታይታኒየሙ እጀምራለሁ፣ ያጠፍኩትን ፎቶ እዚሁ አመጣለሁ።