ኪሞ ጨርሻለሁ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ቮለንቲር ላድርግ ብዬ አስቤያለሁ፣ የምታውቁ እርዱኝ

ጠያቂዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ጤና ይስጥልኝ። የጡት ካንሰር ታምሜ ሰርጀሪውንም ኪሞውንም ራዲዬሽኑንም ጨርሻለሁ፣ ኪሞ ካቆምኩ ከግማሽ ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ አሁን ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚሰጠውን ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን ብቻ ነው የምወስደው። ሰው ሁሉ እንኳን እግዜር ማረሽ ይለኛል፣ እኔ ግን ህክምና ላይ እያለሁ ጠንካራ ነበርኩ፣ ካለቀ በኋላ ነው ነገሩ የከበደኝ። ሥራ ገብቻለሁ ግን ልቤ የለም፣ ማታ ተመልሶ ቢመጣስ እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ። እዚህ አብራኝ የታከመች ሴት ስለ ኤ ፍሬሽ ቻፕተር ነገረችኝ፣ ቴሪ ዊንግሃም የምትባል ካናዳዊት የጡት ካንሰሯን ከታከመች በኋላ ደቡብ አፍሪካ ሄዳ በጎ ፈቃድ ሰርታ ከዛ ያቋቋመችው ነው፣ ካንሰር የነካቸውን ሰዎች በቡድን ውጭ አገር ወስዶ ያሰራል። እኔም ውጭ አገር ከተባለ ለምን አገሬ አልሄድም አልኩ። በተለይ ካንሰር ካለባቸው ህጻናት ጋር መሆን እፈልጋለሁ። ጤናዬስ ይችላል? ማንን ላናግር? ከመሄዴ በፊትስ ምን ልጨርስ?

ነርሷ (ሚኒሶታ)፦
አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ ኦንኮሎጂስትሽን (የካንሰር ሐኪምሽን) ጠይቂ፣ የምትሄጅበትን ከተማና የምትሰሪውን ሥራ በግልጽ ንገሪያት፣ "ቤተሰብ ልጠይቅ ነው" ብቻ ካልሻት ሌላ ምክር ነው የምትሰጥሽ። ታሞክሲፈን ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል፣ ከዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት አዲስ አበባ ደግሞ ረጅም በረራ ነው፣ ስለዚህ ኮምፕረሽን ካልሲ (እግርን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ) ያስፈልግሽ እንደሆነ ጠይቂያት፣ አውሮፕላን ውስጥ እየተነሳሽ ተራመጂ፣ ውሃ ጠጪ። መድኃኒትሽን ከነማሸጊያው ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ሻንጣ ያዢ፣ ለቆይታሽ ከሚበቃው ትንሽ ትርፍ አድርጊ።

ክትባት ላይ ተጠንቀቂ። የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ቫይረስ ያለበት ነው፣ ከኪሞ በኋላ ቢያንስ 3 ወር ሳይሞላ አይሰጥም፣ ቢሞላም የደም ምርመራሽን አይታ ሐኪምሽ ትወስን። የታይፎይድ ደግሞ የሚዋጠው ሕያው ነው፣ መርፌው ግን አይደለም፣ መርፌውን ጠይቂ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ለወባ አታሰጋም፣ ባህር ዳር ወይ አርባ ምንጭ ከወረድሽ ግን የወባ መከላከያ ያስፈልግሻል፣ እሱም ከታሞክሲፈንሽ ጋር ይስማማ እንደሆነ ይታይልሽ። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ ለዚህ ጉዞ ይቅርብሽ፣ ዘመድ ቢቆጣም።

የአዲስ አበባ ልጅ፦
እኔ እዚሁ ነኝ፣ ጥቁር አንበሳ ሰው አስታምሜያለሁ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አናግሪ፣ ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በ2004 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ነው፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ አላቸው። ለልጆች ደግሞ ተስፋ አዲስ የሚባል የወላጆች ድርጅት አለ። ግን መጥተሽ በር አታንኳኪ፣ ቀድመሽ ጻፊላቸውና ምን እንደሚጎድላቸው ጠይቂ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚሄድ እንግዳ ሰልችቷቸዋል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እዚህ ብዙ ታካሚ ያመመው ምን እንደሆነ አይነገረውም። ቤተሰቡ ይደብቀዋል፣ ተስፋ እንዳይቆርጥ ብለው። አጠገቡ ቁጭ ብለሽ "እኔም ካንሰር ነበረብኝ" ብትይ ስሙን መጀመሪያ ካንቺ ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ ነርሶቹ ማን እንደሚያውቅ ማን እንደማያውቅ ሳይነግሩሽ አፍሽን አትክፈቺ።

የዳላሷ፦
እኔ ራሴ ታክሜ ድኛለሁ፣ ባለፈው ሄጄም አግዣለሁ። ሂጂ እልሻለሁ ግን ህጻናቱ ክፍል አትጀምሪ በናትሽ። የምትወጃት ልጅ በሳምንቱ አልጋዋ ላይ ላታገኛት ትችያለሽ፣ አሁን ባለሽበት ሁኔታ ይሄን መሸከም ከባድ ነው፣ ልጆቹም ቢሆኑ ለምደውሽ ጥለሻቸው ትሄጃለሽ። ካንቺ እኩያ ሴቶች ጋር ሁኚ። የጡት ካንሰር አገራችን ውስጥ ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር ነው፣ ጡቷ ከተቆረጠ በኋላ ባሏ ፊት ልብስ መቀየር ያፈረች ሴት አለች፣ ጠበል ይሻለኛል ብላ ኪሞውን ያቋረጠች አለች፣ ጸጉሬ ይመለሳል ወይ ብላ የምትጠይቅ አለች። እነሱ ዶክተር አይደለም የሚያጡት፣ ይሄን ያለፈ ሰው በገዛ ቋንቋቸው የሚመልስላቸው ነው። ጠበል ላይ አትከራከሪ፣ ጠበሉንም ኪሞውንም አንድ ላይ መያዝ ይቻላል በያት፣ ያኔ ትሰማሻለች።

የከበደኝ ሌላ ነው። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር፣ ወረፋው ወራት የሚወስድበት ጊዜ ነበር። እኔ ቀጠሮዬ ሲዘገይ ስልክ አንስቼ የምጮህ ሰው፣ እዛ ከገጠር መጥታ ወረፋ የምትጠብቅ ሴት ስታጽናናኝ ምን ልበል? ለምን እኔ ተረፍኩ የሚል ጥያቄ እዛ ነው የያዘኝ፣ ስመለስም ለቀቀኝ አልልሽም። ከመሄድሽ በፊት ቴራፒስት ያዢ፣ ከዛ ሆነሽ በስልክ የምታወሪያት። ቀለል አለኝ ግን፣ ቢያንስ ሌሊት የማስበው ስለራሴ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ጋሽ ፍራንክፈርት፦
ልጄ፣ እግዜር ጨርሶ ይማርሽ። እኔ ባለቤቴን በዚህ በሽታ ያጣሁ ነኝ። ትንሽ ቆዪ ነው የምለው። የታመመ ሰው አልጋ ያንቺ መድኃኒት መሆን የለበትም፣ እነሱ የራሳቸው ሸክም አላቸው። መጀመሪያ እዛው አሜሪካ ካሉ አማርኛ ተናጋሪ ታማሚዎች ጀምሪ፣ ሆስፒታል የሚያስተረጉምላቸው አጥተው የሚቸገሩ እናቶች አሉ። እሱን ከቻልሽ አዲስ አበባ አይከብድሽም።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ያሉት ገብቶኛል፣ ባለቤትዎን ነፍስ ይማር። የዳላሷ እህቴ አንቺ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ህጻናቱን ትቻለሁ፣ ከሴቶቹ ጋር ነው የምሆነው፣ እስከዛው እዚህ ማስተርጎም እጀምራለሁ፣ የሚቀጥለው ስካኔ ውጤት ሳይመጣም ቲኬት አልቆርጥም። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር፦ ሰርጀሪው ላይ ከክንዴ ስር የሊምፍ እጢ አውጥተውልኛል፣ ሻንጣ መሸከም እንዴት ነው? የተረፈኝን መድኃኒት ላምጣላቸው ወይ?

ነርሷ (ሚኒሶታ)፦
መድኃኒት አታምጪ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ይጎዳል፣ ጉምሩክም ያስቸግርሻል። የጡት መያዣ፣ ሻሽ፣ ከጥጥ የተሰራ ሰው ሠራሽ ጡት ይሻላል፣ ግን እነሱን ጠይቀሽ። ከባድ ሻንጣ እጢው በወጣበት በኩል ባለው እጅ አታንሺ፣ ባለ ጎማ ግዢ፣ ክንድ እንዳያብጥ የሚለበሰው ጠባብ እጅጌ ታዞልሽ ከሆነ በረራ ላይ አድርጊው፣ እዛ ደም ሲቀዱሽም ግፊት ሲለኩሽም ሌላኛውን ክንድ ስጪ። የጉዞ ኢንሹራንሱን፣ ለጉዞው የመጀመሪያ ክፍያ እንደከፈልሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግዢ፣ ከዘገየሽ ነባር በሽታ ነው ብለው ብዙዎቹ አይሸፍኑልሽም፣ ታማሚ አውጥቶ የሚያመጣ ሽፋን እንዳለውም አረጋግጪ።

የአዲስ አበባ ልጅ፦
ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ የክትባቱ ካርድ አይደለም) ካለሽ ቪዛ አያስፈልግሽም። ከሌለሽ ለድርጅቱ ስትጽፊ በጎ ፈቃድ ለመስራት የትኛው ቪዛ እንደሚሻል አብረሽ ጠይቂያቸው። ቀኑ ሲታወቅ እዚሁ ጻፊልን፣ ኤርፖርት እኔ እቀበልሻለሁ።