ኮምፒውተሬ በርቶ ወዲያው ይጠፋል፤ ምን ልሞክር?

ሰላም ለሁላችሁ። የቤት ኮምፒውተሬ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልነሳ ብሎኛል። ማብሪያውን ስጫን ማራገቢያው ይዞራል፣ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ትላለች፤ ከዚያ 2 ሴኮንድ ሳይሞላ ሁሉም ጸጥ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ማንም ሳይነካው ራሱ ይነሳና እንደገና ይጠፋል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ፊደል አልታየችም፤ የማስጠንቀቂያ ጩኸትም የለም።

ሌላ ሶኬት ላይ ሰክቼ አይቻለሁ። ሁለቱን ራሞች (የጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ካርዶች) አውጥቼ በየተራ አንዱን ብቻ አስገብቼ ሞክሬያለሁ። የማዘርቦርዱን (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ) ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪም ቀይሬያለሁ። ሃርድ ዲስኩን ነቅዬው እንኳ ያው ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የዊንዶውስ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልናዘዝ፦ ትናንት ከሰዓት አቧራ ላጸዳ ከፍቼው ነበር። የፕሮሰሰሩን (ስሌቱን የሚሠራውን ዋና ቺፕ) ማራገቢያ ስመልስ አንደኛው እግር አልገባ ብሎኝ ብዙ ታግያለሁ፤ በመጨረሻ ቀጭ ያለ መሰለኝ፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። በፕሮሰሰሩ ላይ የነበረውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም ጠርጌ አዲስ አልቀባሁም። ጥፋቱ ከዚህ ይሆን ወይስ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ከፓወር ሰፕላዩ? ትርፍ ፓወር ሰፕላይ የለኝም፤ አዲስ ከመግዛቴ በፊት ሁለቱን የምለይበት መንገድ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። መልስ እስካገኝ ድረስ ማብሪያውን አልነካም።