የተቃጠለው ስፔሪ ሻሌ እንደገና መሠራት ነበረበት?

እመቤት፦ ግሬት ኖርዘርን የባቡር ኩባንያ አሜሪካ ሞንታና ግሌሸር ፓርክ ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊት የሠራው የስፔሪ ሻሌ (የተራራ ላይ የእንግዳ ማረፊያ) መኝታ ቤት፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 2017 በሰደድ እሳት ጋየ። የተረፈው የድንጋይ ግድግዳው ነው። በ2018 እና በ2019 ተሠርቶ በ2020 እንግዳ ተቀበለ። ልክ ነበር?

ዳዊት፦ አልነበረም። መኪና አይደርስበትም፤ ከማክዶናልድ ሐይቅ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ነው። ለ17 ክፍል ብሎ በሄሊኮፕተር ዕቃ ማመላለስ! አዳሩም ከ200 ዶላር በላይ ነው።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ዳዊት ልጄ፣ ማነሱማ ደግ ነገር ነው። የኩባንያው አለቃ ሉዊስ ሂል ባቡሩ መንገደኛ እንዲያገኝ ብሎ ነው ሆቴልና ሻሌ በየጋራው የዘረጋው። እንግዳው ከአንዱ ወደ ሌላው በፈረስ ይሄድ ነበር። በ1933 ተራራውን የሚያቋርጠው የመኪና መንገድ ተከፈተ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነትም መጣ፤ ብዙዎቹ ፈረሱ። ዛሬ መኪና ከማይደርስባቸው ሻሌዎች የቀሩት ስፔሪና ግራናይት ፓርክ ናቸው። ግድግዳው ቆሞ እያለ ጣሪያ እንንፈገው?

ሐና፦ ጣሪያው ቀላል ነው፤ ቆሻሻው ነው ጣጣው። ግራናይት ፓርክ ላይ የምግብ ትራፊ ለድብ እየተጣለ እንግዳ ቆሞ ያይ ነበር። በ1967 አንዲት ወጣት እዚያው አጠገብ ያለ ድንኳን ደጅ እንደተኛች ግሪዝሊ ድብ ገደላት። ስፔሪም ቢሆን በፍሳሽ ችግር ከ1992 በኋላ ተዘግቶ እስከ 1999 አልተከፈተም። ሰው ካደረ ሽንት ቤት አለ፣ ወጥ ቤት አለ።

የጎንደር ልጅ፦ የአገሬው ተወላጅ የብላክፊት ሕዝብስ? መሬቱን በ1895 በ1.5 ሚሊዮን ዶላር አስረከበ፤ ከዚያ የባቡር ኩባንያው እነሱኑ ለማስታወቂያ አሰለፋቸው። እኛም ስሜን ተራሮች ፓርክ ላይ የግጭ መንደርን ሰው አስነስተን ሎጁን አላስነሳንም።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ነገርህ እውነት ነው፤ ግን የ1895ቱ መሬት ከተራራው በስተምሥራቅ ነው። ስፔሪ በምዕራብ ነው ያለው። የዚያ ወገን የኩተናይና የሳሊሽ ሕዝቦች ነበር፣ በ1855 ውል ነው የሄደው።

የጎንደር ልጅ፦ እና በምዕራብ ሲሆን ይቀላል፣ ጋሼ?

ጋሽ ተስፋዬ፦ አይቀልም። ግን ፍርስራሹን ብንተወው መሬቱ ለማን ይመለሳል?

ዳዊት፦ የእኔን ጥያቄ አልመለሱልኝም። ያኔ እሳት አጥፊዎች እዚያው ቆመው እያለ ፍም ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ገብቶ ነው የበላው። ነገም ይመጣል። ለመሆኑ እርስዎ አድረውበት ያውቃሉ?

ጋሽ ተስፋዬ፦ ግማሽ መንገድ ደርሼ ጉልበቴ ከዳኝ። ስንቅ የጫኑት በቅሎዎች አልፈውኝ ሄዱ።