ከጅቡቲ ወደ ሰበታ የሚመጡ የሸራ መርከብ ሰልጣኞች፦ ምን እናስተካክል?

የሰበታዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ሰበታ ዳር የእንግዳ ማረፊያ አለን። ሕንድ ውቅያኖስን በሸራ አቋርጣ ጅቡቲ የምትደርስ አንዲት የማሰልጠኛ መርከብ 14 ሰልጣኞች ለሦስት ሌሊት ልትልክልን ነው፤ አብዛኞቹ የውጭ ዜጎች ናቸው። መርከቧ ወደብ ላይ የምትቆየው ሰባት ቀን ነው። ያሰብነው እንዲህ ነው፦ በባቡር መጥተው ፉሪ ለቡ ይወርዳሉ፣ በማግስቱ ጠዋት እንጦጦ፣ በሦስተኛው ቀን የሱባ ደን፣ ማታ ክትፎና ጠጅ፣ በአራተኛው ቀን ማለዳ መመለስ። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፤ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ አለን። የባሕር ሰው አስተናግደን ስለማናውቅ፣ የምታውቁ ብትነግሩን።

መልሕቅ
እህቴ፣ ከመመለሻው ጀምሪ። ብዙው ችግር የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው።

መርከበኛ ወደብ ሲደርስ የሚሰጠው የመውረጃ ወረቀት ለወደቡ ከተማ ብቻ ነው። ድንበር ከተሻገረ እንደማንኛውም መንገደኛ ፓስፖርትና ቪዛ ይጠየቃል፤ የመርከበኛ ደብተር ቪዛ አይተካም። ፓስፖርቶቹ ብዙውን ጊዜ ካፒቴኑ ዘንድ ተቆልፈው ስለሚቀመጡ ቀድመው ይውጡ። የኢትዮጵያው ቪዛ በባቡር፣ ማለትም በደወሌ የድንበር ኬላ በኩል ለመግባት እንደሚያገለግል በጽሑፍ ይረጋገጥ፤ ለአየር መንገደኛ የተሰጠ ቪዛ ሁሉ የየብስ ድንበር ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ለጅቡቲም ድጋሚ የሚያስገባ ቪዛ፣ ወይም የወደቡ ኤጀንት "ይህ ሰው ወደ መርከቡ ተመላሽ ነው" ብሎ የሚጽፈው ደብዳቤ ከእያንዳንዱ ሰልጣኝ እጅ ላይ ይኑር። በአንድ ወረቀት የ14ቱን ስም ደርድሮ ለቡድን መሪው መስጠት አይበቃም፤ አንዱ ታሞ ወደኋላ ቢቀር ወረቀቱ ከሌሎቹ ጋር ይሄዳል።

የቢጫ ወባ ካርድም አለ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ ከዚህ ወደ ጅቡቲ ሲመለሱ ሊጠየቁ ይችላሉ። ካርዱ የሚጸናው ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ ጅቡቲ ደርሶ መከተብ አያድንም።

ባቡሩ በየቀኑ አይነሳም። የመመለሻውን ቀን ቆርጣችሁ ትኬት ከያዛችሁ በኋላ ሌላውን እቅድ አውጡ፤ መርከቧ ከምትነሳበት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ቀድመው ይድረሱ። መርከብ ወደብ ላይ ብትቆምም ባዶዋን አትተውም፤ የባሕሩ ውሃ ከፍ ዝቅ ሲል ገመድ የሚያላላና የሚያጠብቅ፣ እሳት ቢነሳ ፓምፕ የሚያስነሳ ሰው ያስፈልጋታል። የእናንተ 14 ሰዎች የአንዱ ዋች (ተራ ይዞ አብሮ የሚሠራ የመርከብ ቡድን) ልጆች ከሆኑ ሌላው ዋች እነሱ እስኪመለሱ እረፍት አይወጣም። አንድ ቀን መዘግየት የጓደኛን ፈቃድ መብላት ነው።

ሰዓት ስትነግሯቸው "ጠዋት 1 ሰዓት፣ በእነሱ 7:00" ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉላቸው። ስድስት ሰዓቱ ልዩነት ባቡር ያስመልጣል።

ነርስ ከአለምገና
የመልሕቅ ምክር ትክክል ነው። እኔ ስለ ጤናው ልጨምር።

ሰበታ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕሩ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ደረጃ ሲወጡ ማለክለክ፣ ቀለል ያለ ራስ ምታትና የተቆራረጠ እንቅልፍ የሚጠበቅ ነው። እንጦጦ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ለመጀመሪያው ጠዋት አይሆንም። ምክንያቱ ድካሙ ብቻ አይደለም። ሳምንታት ባሕር ላይ የቆየ ሰው የብስ ሲረግጥ መሬቱ የሚወዛወዝ ይመስለዋል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይተወዋል። ከፍታ ክፉኛ ሲጎዳም አንዱ ምልክት መንገዳገድ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ካመጣችኋቸው የትኛው እንደሆነ መለየት ይከብዳል። ራስ ምታት ከማስመለስና ከመንገዳገድ ጋር ከመጣ የባሕሩ ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ ወዲያው ዝቅ ወዳለ ቦታ አውርዱና ሐኪም ይየው።

ውዝዋዜው መኪና ውስጥ ይቀንስና ሲወርዱ ይመለሳል፤ ስለዚህ ኮስተሩ ውስጥ ደህና ነበር ብላችሁ አትፍረዱ። ይበልጥ የሚብሰው ጨለማ ውስጥና ዓይን ሲጨፈን ነው። ሻወር ቤት የፕላስቲክ ወንበር አስገቡ፤ ፀጉሩን እየታጠበ ዓይኑን ሲጨፍን ነው የሚወድቀው። ተደራራቢ አልጋ ካላችሁ ላይኛውን አትስጡ፣ የመጸዳጃ ቤቱን መብራት ሌሊቱን አታጥፉ። የባሕር ሕመም ክኒን ለዚህ ብዙም አይረዳም፣ እንቅልፍ ብቻ ይጨምራል።

ከመነሳታቸው በፊት አንድ ጥያቄ በስልክ ጠይቁልኝ፦ ጅቡቲ ላይ በአየር ታንክ የጠለቀ አለ? ለመዝናናትም ሆነ የመርከቧን ሆድ ለማየት ሊገቡ ይችላሉ። ሰበታ ላይ ያለው የአየር ግፊት አውሮፕላን ውስጥ ካለው ብዙም አይለይም፤ ስለዚህ ከመብረር በፊት የሚጠበቀው ለባቡሩም ይጠበቃል። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆይ፣ 24 ቢሆን ይሻላል። በደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ይፈጥራል፤ የመገጣጠሚያ ሕመምና መደንዘዝ ከታየ አደጋ ነው።

ክትፎው ይብሰል፤ ለብ ለብም አይበቃም። የኮሶ ትል የሚታወቀው ከሁለት ሦስት ወር በኋላ፣ ሐኪም በሌለበት ባሕር መሃል ነው። ተቅማጥም ይዘው ከተመለሱ በጋራ መጸዳጃ መርከቡን ሁሉ ያዳርሳል።

ጠጅ ከቤት ቤት ጥንካሬው ይለያያል። ዓለም አቀፉ የመርከበኞች ደንብ ለተረኛ የሚፈቅደው የደም አልኮል ከፍተኛው 0.05 በመቶ ነው፣ ብዙ መርከቦች ደግሞ ጭራሽ ይከለክላሉ። ካፒቴኑን ሳትጠይቁ አታቅርቡ። ጫትማ በፍጹም፤ እዚህና ጅቡቲ የተፈቀደ ቢሆንም መርከቧ በምትደርስባቸው ብዙ አገሮች ወንጀል ነው።

ትኩሳት ከመጣም "አዲስ አበባ ወባ የለም" ብላችሁ አትለፉት። ከጅቡቲ በድሬዳዋ በኩል ነው የመጡት፤ ከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ የሚራባው የወባ ትንኝ በሁለቱም አለ። ከንክሻው እስከ ትኩሳቱ ቢያንስ ሳምንት ስለሚፈጅ ከተመለሱ በኋላም ደም መመርመር እንዳይረሱ ንገሯቸው።

የሰበታዋ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄ ሁሉ አልታሰበንም ነበር። እንጦጦን ትተነዋል። ልብሳቸውን ግን እንዴት እናድርገው? ሁሉም እንደደረሱ ማጠብ እንፈልጋለን ብለዋል።

የገመድ ሰው
ሮቶሽ አይበቃም። አስይው፦ ረጅም ሻወር ለአንድ ሰው 40 ሊትር፣ ለ14ቱ 560። የጨው ልብስ ለአንድ ሰው 60 ሊትር፣ 840። ኩሽናና መጸዳጃ 400 ገደማ። ድምሩ 1,800 ነው፤ ፈረቃው አንድ ቀን ከዘለለ ጠዋት ፊት የሚታጠቡበት የለም። በመጀመሪያው ማታ ሻወር ብቻ ይሁን፣ ልብስ በማግስቱ። ወይም አንድ ቦቴ ውሃ አስቀድመሽ አስሞይ።

የጨው ልብስ አስቀድሞ ሳሙና አይነካውም። ጨው ያለበት ውሃ ሳሙናውን አረፋ አያስወጣውም። ሁለቴ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይዘፍዘፍ፣ ሦስተኛው በሳሙና፣ አራተኛው ማለቅለቂያ። የአንዱ ማለቅለቂያ የሚቀጥለው መዘፍዘፊያ ይሁን። ጨው ከቀረበት ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ ቢሰጣም አይደርቅም፣ አንገትና እጅጌ ላይም ቆዳ ይልጣል፣ ቁስል ያወጣል። የመጀመሪያውን እጣቢ ጎመኑ ላይ አትድፊው፣ አትክልቱ ይቃጠላል።

የዝናብ ልብሳቸውን ማሽን ውስጥ አታስገቡ፤ ለብ ባለ ውሃ በስፖንጅ፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ መስቀል። ምሰሶ ላይ ሲወጡ የሚታሰሩበትን ቀበቶ ካመጡ በረኪና እንዳይነካው፣ ፀሐይ ላይም እንዳይሰጣ። የእኛ ከፍታ ፀሐይ ክሩን በዓይን ሳይታይ ታደክመዋለች፤ ሕይወታቸው የሚንጠለጠለው በእሱ ነው። መንጠቆውን በሞቀ ውሃ እያጠቡ ከፍተው ይዝጉት፣ ምላሱ ራሱን ችሎ ካልተመለሰ ለቦስኑ (የመርከቧ የገመድና የሸራ ኃላፊ) ይነገር።

መልሕቅ
የገመድ ሰው ያለው ሁሉ ትክክል። እንቅልፍን ልጨምር፦ አራት ሰዓት ሠርቶ ስምንት ሰዓት የሚያርፍ ሰው፣ አልጋው ቢመቸውም ሰውነቱ ከሌሊቱ 6 ወይም 10 ሰዓት ላይ ይነሳል። ቁርስ በግድ 1 ሰዓት አትበሉ። ኩሽናው ሳይቆለፍ ሻይ በፔርሙስና ዳቦ ይቀመጥላቸው፤ ከጅቡቲ ሙቀት ስለሚመጡ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ።

የሰበታዋ
ሱባንስ እንተወው?

ነርስ ከአለምገና
አይ፣ ሱባ ይቆይ፣ ግን በሦስተኛው ቀን፣ ከታች ካሉት የጽድ ዛፎች ሳይርቁ። ደኑ ያለበት የወጨጫ ተራራ ጫፍ 3,385 ሜትር ነው፣ እሱን ተዉት። ለሁለተኛው ቀን ከከበዳቸው ግቢ ውስጥ ይረፉ፤ መንቀሳቀስ ከፈለጉ ቢሾፍቱ ከእናንተ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል ይቀላቸዋል። ውሃ፣ ኮፍያና የፀሐይ ቅባት ይያዙ።