የ1964 ቮልስ የፊት እግር፦ ወደ ቴስቲና ልቀይረው ወይስ ፔርኖውን ላሳድሰው?

የቧንቧ ውሃው ልጅ (ደሴ)

ጀማው እንደምን ዋላችሁ። የአባቴን ቮልስ እያደስኩ ነው፤ አላህ ይዘንለትና ሲነዳት የኖረው እሱ ነው። 1200 ናት፣ በፈረንጅ 1964 ሞዴል። የላሜራውና የቀለሙ ሥራ አልቋል። ሞተሯም ደህና ነው። የቀረኝ የፊት እግር ነው።

ከተማ ውስጥ ምንም አትልም። ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ግን፣ በተለይ ሐረጎ ላይ፣ መሪው አይጸናም። ቀጥ ባለ መንገድ እንኳ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እየመለስኩ ነው የምነዳው። 60 አካባቢ ላይ ጉድጓድ ከነካሁ መሪው እንዳለ ይንቀጠቀጣል። ፍሬን ስይዝ ደግሞ ወደ ቀኝ ትጎትታለች። እናቴ ከጎኔ ስትቀመጥ ቁልቁለቱን የበሩን እጀታ ጨብጣ ነው የምትወርደው። በዚህ ሁኔታ ሐይቅ ድረስ ይዣት መሄድ አልፈልግም።

ሁለት ምክር አግኝቻለሁ። አዲስ አበባ ያለ ሰው የ1303 የፊት እግር ሙሉውን ልሽጥልህ ይለኛል፤ ሞላ ያለውን። እዚህ ያለ አንድ ባለጋራዥ ደግሞ ፔርኖ (ጎማው ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት የቆመ ፒን) ዘመኑ አልፏል፣ አክስሉን አውጥተህ በቴስቲና (በኳስ መገጣጠሚያ) የሚሠራውን ግጠም ይላል። ዲስክ ፍሬንም አስቤያለሁ። ገንዘቤ ለአንዱ እንጂ ለሁሉም አይበቃም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?


ቸርኬ (አዲስ አበባ)

ስለ 1303ው ብቻ ልንገርህ፤ ተወው። 1302 እና 1303 ከፊት ማክፈርሰን ናቸው። ሞላውና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ቆሞ ከላይ የሚታሰረው ከቦዲው ጋር ነው። ያንተ መኪና እዚያ ቦታ ላይ የሚይዘው ነገር የለውም። የሻንሲው አፍንጫም (የፊት አክስሉ የሚታሰርበት ጫፍ) ይለያል፣ የፊት ቦዲውም ይለያል። ይገጥማል ተብለህ ብር እንዳትልክ።


ጋራዥ ኮምቦልቻ

ልጄ፣ አብሽር። ያልከው ሁሉ መፍትሔ አለው፤ ብዙውም ውድ አይደለም።

ቮልስ እስከ 1965 ከፊት በፔርኖ ነው የሠራው። ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ወደ ቴስቲና ገባ። ቴስቲናው ግራሶ አይጠይቅም፣ ጥገናውም ይቀላል። ፔርኖው ግን ደካማ ሆኖ አይደለም የተተወው። አሜሪካ ውስጥ አሸዋና ድንጋይ ላይ ቮልስ የሚያስሮጡ ሰዎች እስከ ዛሬ ፔርኖውን መርጠው ይገጥማሉ፤ ጠንካራ ነዋ። ለኛ መንገድም የሚሆነው እሱ ነው። ዘመኑ አልፏል የሚባለው ግራሶ ሳያይ ዓመታት የከረመውን አይተው ነው።

ደግሞ አክስል መቀየር አራት ቡሎን ፈትቶ አራት ማሰር አይደለም። የፊት አክስሉ ሁለት ቱቦዎች በቴስቲናው ላይ ይበልጥ ይራራቃሉ። ስለዚህ ወይ የሻንሲው አፍንጫ ተቆርጦ ሌላ ይበየዳል፣ ወይ መሐል ላይ አዳፕተር ይገባል። ከደሴ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ከ600 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው። በዚያ ቁልቁለት ላይ የፊት እግርህን የያዘው የሰፈር ብየዳ እንዲሆን አልመክርህም። ፋብሪካው የሠራውን ሻንሲ አትንካው።

እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት መኪናዋን ጠይቃት። የፊቱን በክሪክ አንሳ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅንቀው። ከተጫወተ ወንድምህ ገብቶ ፍሬን ይርገጥ፤ አንተ ነቅንቀው። ጨዋታው ከጠፋ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ ፔርኖው ወይም ሊንክ ፒኑ (የፔርኖውን ክፍል ከክንዶቹ ጋር የሚያያይዘው ፒን) አልቋል። ከዚያ የቶርሽኑን ክንድ (ከአክስሉ ቱቦ ወጥቶ ጎማውን የያዘውን) ራሱን ያዝና ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሰው። ቱቦው አፍ ላይ ቀጭ ቀጭ ካለ የቱቦው ቦኮላ (ውስጡ የሚገባው የብረት እጅጌ) እና ኩሽኔታ ነው። መጨረሻ መሪውን ቀጥ አድርገህ፣ ጎማው ሳይንቀሳቀስ መሪው ጠርዝ ላይ ምን ያህል እንደሚሄድ እይ። እስከ 25 ሚሊ ሜትር ድረስ የፋብሪካው ልክ ነው። ከዚያ ካለፈ የመሪ ሳጥኑንና የመሪ ዘንጎቹን ቴስቲና ማየት አለብህ።

60 ላይ መንቀጥቀጡን ሰዎች የመሪ ዳምፐር ቀይር ይሉሃል። አዲስ ዳምፐር ስታስገባ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል፤ ያለቀው ፔርኖ ግን እዚያው አለ። ዳምፐሩን መጨረሻ ላይ ቀይረው።

ፔርኖው ካለቀ ፔርኖና ቦኮላ ሙሉ ኪት ግዛ። ቦኮላው በፕሬስ ነው የሚገባው፣ መዶሻ እንዳይነካው። ከገባ በኋላ ውስጡ ይሞረዳል፤ ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ላይኛውና ታችኛው ቦኮላ በአንድ መስመር መሞረድ አለባቸው። ለየብቻ ከተሞረዱ ፔርኖው ጠምዞ ይገባል፣ መሪው ይከብዳል፣ ከተጠማዘዘ በኋላ ቀጥ ብሎ አይመለስም። ልኩን የምታውቀው በእጅህ ነው። ፔርኖውን በዘይት ቀብተህ በአውራ ጣትህ ስትገፋው ቀስ ብሎ መግባት አለበት። በራሱ ክብደት ከወረደ ሰፍቷል። መዶሻ ከፈለገ ጠብቧል። ቶርኖ ቤት ይዘህ ስትሄድ አጠገቡ ቁም፤ ሳትሞክር እንዳትቀበል።

ሊንክ ፒኑ ላይ ያሉትን ስስ ቀለበቶች፣ እስፔሶሮቹን፣ ማንም እንዳያደባልቅብህ። በእያንዳንዱ ፒን ስምንት ናቸው። በየትኛው ጎን ስንት እንደሚገባ የሚወስነው የላይኛውና የታችኛው ክንድ የሚበላለጡበት ልክ ነው፤ እሱን ለክተህ ከጥገና መጽሐፉ ሠንጠረዥ ታነባለህ። ብዙ ጋራዥ እንደተገኘ ያስገባዋል። ከዚያ ጎማው ይንጋደድና አላይመንት ቤት ቢመላለሱም አይስተካከልም። ስትገጥም ፒኑን እስኪቆም አጥብቀው፣ የዙር ስምንተኛ ያህል መልሰው፣ ያዡን ቡሎን እሰር።

ከዚያ በኋላ ግራሶ ነው። በየ2,500 ኪሎ ሜትሩ። ስትሰጥ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት መነሳት አለባቸው። መሬት ላይ ቆማ ከሰጠሃት ክብደቱ ያረፈበት ጎን ተዘግቶ ይቀራል፤ ግራሶው በሌላው በኩል ይወጣና የሞላ ይመስልሃል። አሮጌው ጥቁር ግራሶ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ፓምፕ አድርግ።

አሞርዛተር ቀይር፤ በፊት እግሩ ላይ ከሁሉ አስቀድመህ ማሻሻል የምትችለው እሱን ነው። የዘይቱን እንጂ የጋዙን አትግዛ። የቮልስ ፊት ቀላል ነው፣ ሞተሩ ኋላ ነው ያለው። ጋዙ ለዚህ ፊት ይጠነክርበታል። ኮብልስቶን ላይ ታዘልልሃለች።

ፍሬን ስትይዝ ወደ ቀኝ መጎተቷ ደግሞ የግራው ፍሬን እየሰነፈ ነው ማለት ነው። ታምቡሩን (የፍሬኑን ክብ ሽፋን) ክፈት። ሲሊንደሩ ነክሶ ይሆናል፣ ወይ ሸራው ዘይት ጠጥቷል፣ ወይ ጎማ ቱቦው ውስጡ አብጧል።

ጎማህ ስንት ነው የተነፋው?


የጭፍራው መንገደኛ (ወልዲያ)

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ በፍሬኑ ላይ ግን አልስማማም። እኔ ከሰውና ዕቃ ጋር ቁልቁለት ስወርድ ታምቡር ሲግል ፔዳሉ አልታዘዝ ሲል አውቀዋለሁ። ለአምስት ቡሎኑ ቸርኬ የሚሆን የዲስክ ኪት ይሠራል። ገንዘብ ካለው ቴስቲናውን ትቶ ዲስክ ያስገባ።


ጋራዥ ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ዲስኩን አልጠላም። ነገር ግን ዲስክ ብቻውን አይገባም። የታምቡር ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው) መስመሩ ላይ ትንሽ ግፊት ይዞ ይቆያል። ለታምቡር ጥሩ ነው፤ ዲስኩን ግን ሳትረግጥ እንዲታሸት ያደርገዋል። ስለዚህ ማስተሩም አብሮ መቀየር አለበት።

እኔ ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ቢበቃው የምመርጥለት ባለሁለት መስመር ማስተር ሲሊንደር ነው። የ1964ቱ አንድ መስመር ነው። አንድ ጎማ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ ፊት ለፊትህ ሲኖትራክ ሲወጣ ይህ እንዳይደርስበት ነው የምፈልገው። በሁለት መስመር ግማሹ ይቀርለታል። ቮልስ ራሱም ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ወደዚያ ነው የሄደው። እስከዚያው ግን ልጄ፣ ገና ከላይ ከደሴ መውጫ በከባድ ማርሽ ውረድ፤ ሁለተኛ ላይ ሞተሩ ራሱ ይይዝሃል።


የቧንቧ ውሃው ልጅ (ደሴ)

ጋሼ፣ አላህ ያክብርዎ። እንዳሉት አድርጌ ፈተሽኩት።

የግራው ጎማ ፍሬን ተረግጦም ይጫወታል፤ ያውም በደንብ። የቀኙ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል። የቶርሽኑ ክንዶች በሁለቱም በኩል ዝም ብለዋል። መሪው 25 ሚሊ አይሞላም።

ጎማው አራቱም 32 ነው። ጎሚስታው እንደ ኮሮላ ነው የነፋልኝ።

አክስሉን አልቀይረውም፣ ወስኛለሁ። የፔርኖ ኪቱን ከሶማሌ ተራ አስልካለሁ። ቦኮላውን እርስዎ ጋ ይዤ ልምጣ? ደግሞ የግራውን ታምቡር ልከፍት ስሞክር ዳዶው አልፈታ አለኝ። በቱቦ አስረዝሜ ልሳበው ወይስ ላሙቀው?


ጋራዥ ኮምቦልቻ

እሳት እንዳታስነካው፣ ቱቦውንም ተወው። የግራው ጎማ ዳዶ ጥርሱ ግልባጭ ነው። ሊፈታ የሚዞረው ወደ ቀኝ ነው፤ አንተ እያጠበቅከው ነበር። የቀኙ ግን እንደማንኛውም ዳዶ ነው።

ሌላም አለ። የፍጥነት መለኪያው ገመድ የሚመጣው ከግራው ጎማ ነው፤ በፔርኖው ብረት (ጎማው በሚዞርበት ምሰሶ) መሐል አልፎ ክዳኑ ላይ በትንሽ ኮፒሊያ ይያዛል። ኮፒሊያውን ሳታወጣ ክዳኑን ከሳብከው ገመዱን ትቆርጠዋለህ፤ እሱ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

የቀኙ ኩሽኔታ ምናልባት መጥበቅ ብቻ ነው የፈለገው። ታምቡሩን እያዞርክ ዳዶውን አጥብቅ፣ ከዚያ ላላ አድርግ። ከዳዶው ጀርባ ያለውን ሮንዴላ በካቻቪቴ ጫፍ ገፋ አድርገው፤ ወደ ጎን በጭንቅ ሸርተት ካለ ልኩ ያ ነው። ሲዞር ድምፅ ካለው ግን ቀይረው።

ጎማውን ዛሬውኑ አስተነፍሰው። ፊት 16 እስከ 18፣ ኋላ 24 እስከ 27። ጎሚስታው ይከራከርሃል፤ አንተ እምቢ በል። ፊቱ ቀላል መኪና 32 ሲነፋ ጎማው አስፋልቱን አይጨብጥም። መሪው አልጸና ያለህ ግማሹ ከዚህ ሊሆን ይችላል። ከተስተካከለ በኋላ አንዴ ሐረጎን ወርደህ ልዩነቱን እየው።

ኪቱ ሲደርስህ ሁለቱንም የፔርኖ ብረት ፈትተህ፣ አጥበህ፣ ግራና ቀኝ ብለህ ጽፈህባቸው ይዘህ ና። እስፔሶሮቹን እንደወጡ በሽቦ እሰራቸው። ፕሬሱም መሞረጃውም እዚህ አለ።