ከጦር ሜዳ ወደ ነዳጅ ቧንቧ፦ በ30 ዓመት ውስጥ የበያጁ ሥራ ምኑ ተለወጠ?

ጠያቂ፦
ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመልሶ በ1946 አሜሪካ ውስጥ ቧንቧ ብየዳ የጀመረ ወታደር፣ በ1977 ነዳጅ ማስተላለፍ በጀመረው የአላስካ መስመር ላይም ሊሠራ ይችል ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የተዘረጋው ትልቁ መስመር ቢግ ኢንች ባለ 24 ኢንች ነው፤ የአላስካው ባለ 48። በእነዚህ ዓመታት የእጅ ሥራው ተለወጠ? የቧንቧው ጥንካሬስ እንዴት ይፈተሽ ነበር?

ብረት ለበስ፦
የእጅ ሥራው እምብዛም አልተለወጠም። አውቶማቲክ ማሽን በ1960ዎቹ መጨረሻ ቢመጣም፣ መስክ ላይ የእጅ ብየዳው ቀጥሏል። የቧንቧው ጫፍ በ30 ዲግሪ ዘመም ተደርጎ ይሞረዳል፤ ከስር 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ያልተሞረደ ከንፈር ይቀራል፣ በሁለቱ ቧንቧዎች መሐልም ያንኑ ያህል ክፍተት ይተዋል። ከውስጥ በክላምፕ ይያዝና ሁለት በያጆች በግራና በቀኝ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ።

ጥንቃቄ የሚሻው የመጀመሪያው ዙር፣ ሩቱ ነው። 6010 የሚባለው ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ልባሱ ሴሉሎስ ስለሆነ ቅስቱ (ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ነበልባል) ጠልቆ ይገባል፤ ግን ብዙ ሃይድሮጂን ይለቃል። ሩቱ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ሃይድሮጂኑ ብረቱ ውስጥ ታስሮ ይቀራል፣ ስንጥቁ ከሰዓታት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሩቱ በግራይንደር ተጠርጎ ሁለተኛው ዙር በ5 ደቂቃ ገደማ ውስጥ መከተል አለበት። ከረንቱም ከፍ ይላል፤ በሩቱ ግራና ቀኝ እንደ ጋሪ ጎማ ዱካ ተጋድሞ የሚቀረውን ስላግ (የልባሱን ዝቃጭ) አቅልጦ የሚያወጣው እሱ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ፦ ይህን ኤሌክትሮድ ምድጃ ውስጥ አታድርቁት። ልባሱ ከ3 እስከ 7 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል፤ ከደረቀ ቅስቱ ጉልበት ያጣል። ማድረቂያ ምድጃ 7018 ለሚባለው፣ ሃይድሮጂኑ አነስተኛ ለሆነው ኤሌክትሮድ ነው።

የመስመር ሰው፦
በብየዳው እስማማለሁ። ትልቁ ለውጥ ግን በሙከራው በኩል ነው፤ ታሪኩም ከዚያው ከቢግ ኢንች ይነሳል። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ቴክሳስ ኢስተርን የተባለ ኩባንያ ገዝቶ ወደ ጋዝ መስመር ቀየረው። ቧንቧው ከፋብሪካ ይዞት በመጣው ጉድለት ሥራ ላይ እያለ ደጋግሞ ይፈነዳ ነበር። መፍትሔው በውሃ መሙላትና ግፊቱን ብረቱ መለጠጥ እስከሚጀምርበት ድረስ መግፋት ሆነ። በሙከራው በመቶዎች የሚቆጠሩ ቦታዎች ፈነዱ፤ ከዚያ በኋላ ግን በፋብሪካ ጉድለት የተነሳ በሥራ ላይ የፈነዳ አልታየም። ደካማውን ቦታ በጋዝ ሳይሆን በውሃ አስቀድሞ ማፈንዳት ማለት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ 2 × የብረቱ ጥንካሬ × ውፍረት ÷ የውጭ ዲያሜትር። ባለ 24 ኢንች፣ 9.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ኤክስ 52 የሚባል የቧንቧ ብረት ደረጃ ከሆነ 112 ባር ገደማ ላይ መለጠጥ ይጀምራል። እዚያ ሲቃረቡ የፓምፑን ምት መቁጠር ግድ ነው። ግፊቱን በእኩል መጠን ለመጨመር የሚያስፈልገው ምት እጥፍ ከሆነ ያቁሙ፤ ቧንቧው እየሰፋ ነው።

ጠያቂ፦
ውሃ በሌለበት በአየር ቢሞከርስ?

የመስመር ሰው፦
በዚህ ግፊት አይሆንም። ውሃ እምብዛም ስለማይታመቅ ቧንቧው ሲቀደድ ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል። የታመቀ አየር ግን ጉልበቱን ይዞ ይቆይና ስንጥቁን በመስመሩ ላይ ያስሮጠዋል። በውሃ ሲሞከርም አየሩን በፒግ (ቧንቧው ውስጥ በሚሄድ መሰኪያ) እየገፉ ጥርግ አድርጎ ማስወጣት ይገባል፤ የቀረ አየር የምቱን ቆጠራ ያበላሻል።

ብረት ለበስ፦
ከፍታውንም አይርሱት። መስመሩ 100 ሜትር ቁልቁል ከወረደ ታችኛው ጫፍ ላይ ወደ 10 ባር ይጨመራል። መለኪያው ኮረብታው አናት ላይ ሆኖ 112 ቢያነብ ሸለቆው ውስጥ ያለው ቧንቧ 122 ተሸክሟል፤ ስለዚህ መስመሩ እንደ ከፍታው ተከፋፍሎ ይሞከራል።