ብዙ ማሰብ ይጠቅማል ወይስ ራስን መጨረስ ነው? እስቲ ልምዳችሁን ንገሩኝ

ሌሊት አሳቢ፦

ሰላም ለዚ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ሊያስቃችሁ ይችላል ግን እኔን እያሳቀኝ አይደለም። ኤርፎኔ በግራ በኩል ድምፅ ማውጣት ካቆመ ሶስት ወር አለፈው፣ ሶስት ወር ሙሉ በአንድ ጆሮ ነው ምሰማው። ለምን አትገዛም ካላችሁኝ እየመረጥኩ ነዋ! አሁን ራሱ ስልኬ ላይ 14 ታብ ተከፍቷል፣ አንዱ ሪቪው ባሱ ደካማ ነው ይላል ሌላኛው የዛኑ ዕቃ ባሱ በዛ ጆሮ ያደነቁራል ይላል፣ በቃ ይሄን ልግዛ ብዬ ልከፍል ስል ደሞ ከታች የሆነ ሰው "በስድስት ወሩ ቻርጅ አልይዝ አለኝ" ብሎ ጽፎ አያለሁ፣ ከዛ እንደገና ከዜሮ።

ኤርፎን ብቻ ቢሆን እኮ ምንም አልልም። ባለፈው አለቃዬ ቻት ላይ "እሺ። እንነጋገራለን።" ብላ ጻፈችልኝ፣ ከነአራት ነጥቡ። ሌላ ጊዜ እኮ አራት ነጥብ አታረግም! ማታ ስልኩን ከፍቼ አያታለሁ፣ እዘጋዋለሁ፣ እንደገና ከፍቼ ከዛ በፊት የጻፈችልኝን ሁሉ ወደ ላይ እየሄድኩ ሌላ ቦታ አራት ነጥብ አርጋ ታውቃለች ወይ ብዬ አጣራለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቢያባርሩኝ ምን ልሰራ እንደምችል ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ። ጠዋት ስንገናኝ የፈለገችኝ የዓመት ፈቃድህን መቼ ነው ምትወስደው ልትለኝ ነበር።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን የሆነ ስልጠና ላመለክት "ስለ ራስዎ በአጭሩ ይግለጹ" የምትል አንዲት ሳጥን ነበረች፣ እሷን ስጽፍ ሳጠፋ ስጽፍ ሳጠፋ በመጨረሻ አሁንስ አማረ ብዬ ልልክ ስል ፎርሙ ተዘግቷል። ሳልወስን ተወሰነልኝ።

ሰው ደሞ "አንተ እኮ ጥንቁቅ ነህ" ይለኛል፣ እኔም እውነት ይመስለኝና ደስ ይለኛል። ታናሽ ወንድሜ በተቃራኒው ምንም አያስብም፣ አየው ወደደው ገዛው፣ አንዳንዴ ይሸወዳል ግን ሌሊት ተኝቶ ነው ሚያድረው። እና እውነት እውነቱን ንገሩኝ፣ ይሄ ብዙ ማሰብ ሚሉት ነገር ለማን ነው የጠቀመው?

ፍርጥርጥ፦

ይሄን ጥያቄ ደሞ በ15ኛው ታብ ነው የጻፍከው አይደል ሃሃሃ

ውል አንባቢዋ፦

እኔን ጠቅሞኛል፣ ስለዚህ ሁላችሁም ተረጋጉ። ቤት ልከራይ ውሉ ሲሰጠኝ አራት ገጽ ነበር፣ አከራዩም አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬም "ፈርሚ በቃ ሁሉም ውል አንድ ነው" ይሉኛል፣ እኔ ደሞ ነገር ማብሰልሰል ልማዴ ነውና ቤቴ ወስጄ ላንብበው አልኩ። ሶስቴ አነበብኩት። ሶስተኛው ላይ ሶስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ተከራይ ዓመቱ ሳይሞላ ከለቀቀ የቀሩትን ወራት ኪራይ በሙሉ ይከፍላል የምትል አረፍተ ነገር አገኘሁ፣ እንደዛ በግልጽም አይደለም እኮ የተጻፈው፣ "ከላይ በተራ ቁጥር ምናምን የተጠቀሰው እንደተጠበቀ ሆኖ" ብሎ አዙሮ አዙሮ ነው። ይቺ ትውጣልኝ አልኩት፣ ፊቱን አጠቆረብኝ ግን አወጣት። በአራተኛው ወር ስራዬ ሌላ ከተማ ሆነ! ያኔ "ኦቨርቲንክ ታደርጊያለሽ" ያለኝ ጓደኛዬ ነው ዕቃዬን ሲያሸክመኝ የነበረው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል ዝም ብሎ አይደለም። ኤርፎን ላይ ሶስት ወር ግን... ወንድሜ እሱን እኔም አልከላከልልህም።

በቃኝ ባይ፦

ውል አንባቢዋ ያልሽው ልክ ነው፣ ግን አንቺ ያደረግሽው እና እሱ ሚያደርገው አንድ ነገር አይመስለኝም። አንቺ ሶስት ጊዜ ስታነቢ በሶስተኛው አዲስ ነገር አገኘሽ፣ ጠየቅሽ፣ ተስተካከለ፣ አለቀ። እሱ ግን የአለቃውን ሁለት ቃል ሃያ ጊዜ ቢያያቸው ያው ሁለት ቃል ናቸው፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። እኔ ራሴን ምለካው በዚህ ነው፣ ካለፈው ግማሽ ሰዓት ወዲህ ቅድም የማላውቀው ምን አወቅኩ? ምንም ከሆነ ማሰብ አቁሜያለሁ ማለት ነው፣ ጭንቅላቴ ስለሞቀ ብቻ እያሰብኩ ይመስለኛል።

ስለ ኤርፎኑ ደሞ አንድ ነገር ልንገርህ። ኸርበርት ሳይመን የሚባል ሰው ነበር፣ በፈረንጆቹ 1978 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመ፣ እሱ በ1956 ላይ አንድ ቃል ፈጠረ፣ መርካት እና መብቃት የሚሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አዳቅሎ። ሃሳቡ ሰው ጊዜውም መረጃውም የጭንቅላቱ አቅምም ውስን ስለሆነ ከሁሉ የተሻለውን ፈልጎ አይጨርስም፣ ይበቃኛል የሚለውን መስፈርት አስቀድሞ ያወጣና ያንን ያሟላውን የመጀመሪያውን ይወስዳል ነው። ስሜ ራሱ ከዛ ነው የመጣው። ልብ በል ግን፣ ዝም ብለህ ያገኘኸውን አንሳ አላለም። መስፈርቱን ስታወጣ በደንብ አስብ፣ ካወጣህ በኋላ ግን የመጀመሪያው ያሟላ ሲመጣ ፍለጋው ቆመ። አንተ ያለመስፈርት ነው ምትፈልገው፣ ለዛ ነው እያንዳንዱ ኮሜንት አዲስ መስፈርት ሚሆንብህ።

ደሞ ለሁለታችሁም ሚሆን አለኝ። በ2006 የወጣ ጥናት ነው፣ ሺና አየንጋር እና ሌሎች ሁለት ሰዎች ናቸው የሰሩት፣ ተመርቀው ስራ ሚፈልጉ ተማሪዎችን ነው የተከታተሉት። ምርጡን ካላገኘሁ ሚሉት ከሌሎቹ በመነሻ ደሞዝ 20 በመቶ በልጠው ተገኙ። ውል አንባቢዋ አየሽ፣ አሸነፍሽ! ግን ሲጠየቁ በሚፈልጉበት ጊዜም ስራውን ካገኙ በኋላም ያነሰ ደስታ የነበራቸው እነሱው ናቸው። ደሞዙ በለጠ ልባቸው ግን እዛ ባልወሰዱት ስራ ላይ ቀረ። እና ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ስትለኝ ኪሱን ጠቅሞ ልቡን ሊጎዳ ይችላል እልሃለሁ፣ የትኛው እንደሚበልጥብህ ደሞ አንተ ነህ ምታውቀው፣ ኤርፎን ላይ ግን ኪስህንም አልጠቀመህም።

ጠዋት ይነጋል፦

በጣም አታካብዱት። ተኛበት በቃ። ሳይንሱም ይሄን ነው ሚለው፣ ውስብስብ ውሳኔ ከሆነ ሃሳብህን ሌላ ነገር ላይ አርገህ ስትመለስ ውስጥህ ራሱ መርጦ ይጠብቅሃል፣ እያሰብክ ከምትመርጠውም ይበልጣል። ትልቅ ጆርናል ላይ ወጥቷል።

አጣሪው፦

ጠዋት ይነጋል ይቅርታ ግን እሱ ነገር እንደዛ አልቀጠለም። አንተ ምትለው በ2006 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣውን የዳይክስተርሃውስን ጥናት ነው፣ መኪና የሚያስመርጠውን። ያኔ ብዙ ተወራለት፣ ከዛ ሌሎች ሲደግሙት ያው ውጤት አልመጣ አለ፣ በ2015 በብዙ ሰው ላይ ተደግሞ የቀድሞዎቹ ጥናቶችም አብረው ተደምረው ሲታዩ ሳያስቡ መምረጥ ይበልጣል የሚያስብል ነገር አልተገኘም። መተኛቱ ጥሩ ነው፣ የደከመ ሰው ምን ይወስናል፣ ግን ተኝተህ ስትነሳ ኤርፎኑን ውስጥህ አይመርጥልህም።

እኔ ይልቅ ሚገርመኝ ሌላው ነው። ዳንኤል ጊልበርት እና ጄን ኤበርት በ2002 ባወጡት ጥናት ፎቶ ማንሳት ለሚማሩ ተማሪዎች ራሳቸው ካነሱትና ካጠቡት ሁለት ፎቶ አንዱን ብቻ እንዲወስዱ አደረጉ፣ ግማሹን ሃሳባችሁን ከቀየራችሁ መለወጥ ትችላላችሁ አሏቸው፣ ግማሹን ከወሰዳችሁ ወሰዳችሁ። በኋላ ፎቶውን የበለጠ የወደዱት እነማን ናቸው? መለወጥ የማይችሉት! ሰው ግን አስቀድሞ ሲጠየቅ መለወጥ መቻልን ነው ሚመርጠው። እና ሌሊት አሳቢ፣ መመለስ ይቻላል የሚል ዕቃ እየፈለግክ ከሆነ (እየፈለግክ ነው፣ አውቅሃለሁ) እሱ ራሱ ነው ገዝተህ እንኳን እንዳትገላገል ሚያደርግህ።

ጠዋት ይነጋል፦

እሺ ተቀበልኩ። ግን እተኛለሁ።

ሰማያዊ ደብተር፦

እኔ ስለ ዕቃው አልናገርም፣ ስለ ሌሊቱ 9 ሰዓት ነው ምናገረው፣ ምክንያቱም እሱን ሁላችሁም በቀልድ አለፋችሁት። ወንድሜ እኔም እንዳንተ ነበርኩ፣ አንድ ሰው ሰላም ሲለኝ ድምፁ ዝቅ ካለ ምን አጠፋሁ እያልኩ ሳምንት ምከርም። ለራሴ "እኔ ጠለቅ አድርጌ ምረዳ ሰው ነኝ" እል ነበር፣ ኋላ ላይ ነው ጭንቀት መሆኑ የገባኝ፣ እንቅልፍ ካጣሁ፣ ከሰው ከሸሸሁ፣ ልቤ ያለምክንያት ድው ድው ማለት ከጀመረ በኋላ። ልዩነቱን ያስረዳችኝ ባለሙያ "ችግር እየፈታሽ ከሆነ መጨረሻው ላይ ምታደርጊው ነገር ይኖራል፣ እየተብሰለሰልሽ ከሆነ መጨረሻው ላይ ሌላ ጥያቄ ነው ያለው" አለችኝ። በቃኝ ባይ ካለው ጋር ይመሳሰላል።

እሷ የሰጠችኝ ዘዴ መጀመሪያ አስቆኝ ነበር። የጭንቀት ሰዓት ያዢ አለችኝ፣ እንደ ቀጠሮ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ። ቀን ላይ ሃሳቡ ሲመጣ አታባሪው፣ በአንድ መስመር ጻፊውና "ማታ 12 ሰዓት እንገናኝ" በይው። ይሄ ነገር ቦርኮቬክ የሚባል ተመራማሪ ከ1983 ጀምሮ የሞከረው ነው አለችኝ። ሰማያዊ ደብተር ገዛሁ (ከለሩን ሳልመርጥ!) እና ማታ 12 ሰዓት ላይ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የቀኑን ስከፍተው፣ ጠዋት ደረቴን ያፈነኝ ነገር "ለምን በልብ ምልክት አልመለሰችልኝም" የሚል ሆኖ አገኘዋለሁ። በቀኑ ከጻፍኳቸው ስምንት ዘጠኝ ሃሳቦች ማታ ላይ ከልቤ ሚያስጨንቀኝ አንድ ቢሆን ነው፣ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓቱን ምሞላበት አጣለሁ። ሁሌ ይሰራል አልልህም፣ ሌሊት ሚመጣ ሃሳብ ቀጠሮ አያከብርም። ግን ስልክህን ከመኝታ ቤት አውጣው፣ የሰው ቻት ወደ ላይ እየሄዱ አራት ነጥብ መቁጠር በተለይ። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ ደሞ ሰው አናግር፣ ሼም የለውም።

ውል አንባቢዋ፦

ሰማያዊ ደብተር የኔ ቆንጆ፣ ይሄን ስላልሽ አመሰግናለሁ። እኔም ውል አንባቢ ብቻ አይደለሁም፣ እውነቱን ለመናገር።

መጻፉ ግን ይሰራል። ዳርዊን ራሱ በ1838 ወረቀቱን ለሁለት ከፍሎ ባገባ እና ባላገባ ብሎ ዘርዝሯል፣ ባገባ በሚለው ስር ሚስት ለእርጅና ጓደኛ ትሆናለች፣ ቢያንስ ከውሻ ትሻላለች ብሎ ጽፏል ሰውዬው! ሚስቱ አይታው ይሆን እያልኩ ሁሌ አስባለሁ። ባላገባ ስር ደሞ ጊዜዬ ይባክናል ምናምን አለ። ብቻ ጻፈው፣ መጨረሻው ላይ አግባ አግባ አግባ ብሎ ደመደመ፣ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ አገባ። ጭንቅላቱ ውስጥ ብቻ ሲያዞረው ቢኖር እስካሁን ላጤ ነበር።

ፍርጥርጥ፦

እስካሁንማ ሞቷል

ሌሊት አሳቢ፦

ሁላችሁንም አንብቤያችኋለሁ፣ አንዳንዳችሁን ሁለቴ (ሶስቴ)። ሰማያዊ ደብተር ያልሽው ገብቶኛል፣ በእውነት። ዛሬ ማታ ስልኬ ሳሎን ነው ሚያድረው።

የኤርፎኑን ነገር በቃኝ ባይ እንዳለው ወረቀት ላይ ሶስት መስፈርት ብቻ ጻፍኩ፣ ገመድ የሌለው፣ ስልክ ሳወራበት ድምፄ ጥርት ብሎ ሚሰማ፣ ካሰብኩት ብር ማይበልጥ። ባስ የሚለውን ጻፍኩትና ሰረዝኩት፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ምሰማው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲያወራ ነው፣ ባስ ምን ያደርግልኛል? ሶስት ወር ስለ ባስ ሳነብ ይሄ እንዴት እንዳልታየኝ አላቅም። 14ቱን ታብ በተራ ሳያቸው አራተኛው ላይ ሶስቱንም ሚያሟላ አገኘሁ። የቀሩትን አስር ሳልከፍታቸው ዘጋኋቸው፣ ጣቴ እየተንቀጠቀጠ ነበር አልዋሽም። መመለስ ይቻላል ወይ የሚለውን ልጠይቅ ጽፌ ሳልልከው አጠፋሁት።

አሁን ልከፍል ስል ከለር ምረጥ ይለኛል። ጥቁር እና ነጭ አለው።

ፍርጥርጥ፦

ጥቁር

ሌሊት አሳቢ፦

ለምን ጥቁር?

ፍርጥርጥ፦

ለምን አትበለኝ ክፈል